ለፀጉር የተጀመረ መድኃኒት ፀጉር ሲያረግፍ

ወጣቷ ወደ ምርመራ ክፍሉ የገባችው ካርዷን ብቻ ይዛ አልነበረም። ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ፈታችው። ውስጡ የተጠቀለለ ፀጉር ነበር፤ ከማበጠሪያ፣ ከትራስና ከመታጠቢያ ሳህን ለአሥር ቀናት የለቀመችው። «ሪፌንሲ ኮ ዱሜ» አለችኝ፤ ፀጉሬ አለቀ ማለቷ ነው። «ዶክተር፣ የጨረሰው እኮ የሰጡኝ መድኃኒት ነው።»

በከፊል እውነቷን ነበር።

የ28 ዓመት ወጣት ናት፤ ከሸነን የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ። ከጅባት ወረዳ አምቦ ድረስ መጥቶ መታከም አንድ የሥራ ቀን ማጣት፣ ለመኪና መክፈል፣ አንዳንዴም ማደር ማለት ነው። በመስከረም መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው፣ ፀጉሯን ለሁለት ስትከፍለው መሐሉ እየሰፋና ቆዳዋ እየታየ መምጣቱ አሳስቧት ነበር። እናቷም አክስቷም በዚያው ቦታ ላይ ፀጉራቸው ስስ ነው። የደምና የእንቅርት ዕጢ ምርመራዋ ደህና ሆነ። ስለዚህ የራስ ቆዳ ላይ የሚቀባ ሚኖክሲዲል የተባለ መድኃኒት አዘዝኩላት፤ አቀባቡን አሳየኋት፤ ከስድስት ወር በፊት ብዙ ለውጥ እንዳትጠብቅም ነገርኳት። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ሳልነግራት ቀረሁ። «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የበለጠ ሊረግፍ ይችላል» የሚለውን።

ያን ዕለት ከበር ውጪ ተራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነበር። ይህ ግን ማስተባበያ አይሆነኝም። መድኃኒቱን በጀመረች በአምስተኛው ሳምንት ማበጠሪያዋ በፀጉር ሲሞላ ብቻዋን ደነገጠች፤ ብቻዋንም ወሰነች። ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ፀጉሯን መልቀም ጀመረች። ሠርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ይህንንም አልጠየቅኳትም ነበር።

ያን ያልነገርኳትን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ከነማብራሪያው ለመጻፍ የተነሣሁት እሷን አስቤ ብቻ አይደለም። በተመሳሳይ ድንጋጤ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሌሎች ሰዎችም አይቻለሁ። በተቃራኒው «መርገፉ የመሥራቱ ምልክት ነው» ተብለው፣ ቶሎ ሊታከም በሚገባው ሕመም ላይ ወራት ያባከኑም ገጥመውኛል። ሁለቱም ስህተት ፀጉር ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማይመለስ ፀጉር።

አሮጌው ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ

አንድ ሰው በራሱ ላይ 100 ሺህ ገደማ ፀጉር አለው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አያድግም፤ እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ዕድሜ አለው። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ ለሁለትና ሦስት ሳምንት እድገቱን እያቆመ ይሄድና ለሦስት ወር ያህል በሥሩ ላይ ሳያድግ ይቀመጣል። በመጨረሻ ይወድቃል፤ በዚያው ሥር ላይ አዲስ ይበቅላል። በጤናማ ራስ ላይ ከ85 እስከ 90 በመቶው ፀጉር በማደግ ላይ ያለ ሲሆን፣ ቀሪው አብዛኛው ዕረፍት ላይ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉም የተለመደ ነው።

ዕረፍት ላይ ያለው ፀጉር የሞተ ሆኖ እንኳ በቦታው ተቀምጧል፤ ራስን ይሸፍናል፤ ሲያዩት ከሌላው አይለይም። በልጅነታችን የወደቀውን የወተት ጥርስ አስቡት። ጥርሱ የተነቃነቀው ከሥሩ አዲስ እየመጣ ስለሆነ ነው። ሚኖክሲዲል የሚያደርገው ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሥሩን ከዕረፍት ቀስቅሶ ወደ እድገት ይመልሰዋል። ሥሩ ሲነቃ ከሁለት ወር በኋላ ሊወድቅ የነበረው አሮጌ ፀጉር ዛሬ ይወድቃል። ይህ በብዙ ሺህ ሥሮች ላይ በተቀራራቢ ጊዜ ስለሚሆን፣ በየቀኑ በጥቂቱ ሊረግፍ የነበረው ፀጉር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጠራቅሞ ይረግፋል። አዲሱ ደግሞ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድግ፣ ለዓይን የሚሞላ ርዝመት ላይ እስኪደርስ ወራት ይፈጅበታል። በዚህ መሐል ባለው ክፍተት ውስጥ መስታወት ፊት የሚቆም ሰው የሚያየው የሄደውን ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ራሱ መጀመሪያ ለፀጉር የተሠራ አልነበረም። በሌላ መድኃኒት አልወርድ ላለ የደም ግፊት በክኒን መልክ ይሰጥ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ አገልግሎት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ክኒኑን የሚወስዱ ሰዎች ፊታቸውና ክንዳቸው ሳይቀር ፀጉር እያበቀለ ሲያስቸግራቸው፣ ያ ችግር የነበረው ነገር ሌላ መንገድ ከፈተ። በቆዳ ላይ የሚቀባው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1988 ለወንዶች፣ በ1991 ደግሞ ለሴቶች ተፈቀደ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። የፀጉር ቅባት ተብሎ የሚሸጠው ጠርሙስ የልብና የደም ሥር መድኃኒት ዘመድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንደ ተራ የውበት ዕቃ አይዘውም።

መርገፉ በብዛት የሚታየው መድኃኒቱ በተጀመረ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ወር ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ስላልረገፈለት «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚል ሰውም አጋጥሞኛል፤ ይህም ስህተት ነው። የሚረግፈው ፀጉር ብዛት የውጤቱ መለኪያ አይደለም። የውጤት ፍንጭ መታየት የሚጀምረው በአራተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ነው፤ ሙሉውን ለመፍረድ ደግሞ አንድ ዓመት ያስፈልጋል።

በመሐል ማቋረጥስ? ከሁሉም የከፋው ምርጫ ይህ ነው። አሮጌው ፀጉር ቀድሞ ወድቋል፤ አዲሱ ደግሞ የሚደግፈውን መድኃኒት አጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው መሳሳት ይመለሳል። ሰውየው ዕዳውን ከፍሎ ዕቃውን ሳይረከብ ሄደ እንደማለት ነው። ሐሳቡን ለውጦ እንደገና ሲጀምር ደግሞ መርገፉ ዳግም ሊመጣ ይችላል። ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ የተዉ ሰዎች «ይህ መድኃኒት ለእኔ አይሆንም» ብለው የሚደመድሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሹሩባ ሲፈታ

በየቀኑ የሚረግፈውን ፀጉር መቁጠር ፀጉሩን በየቀኑ ለሚያበጥር ሰው የወጣ ምክር ነው። እኛ አገር ብዙ ሴቶች ሹሩባ ተሠርተው ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። በእነዚህ ቀናት ከሥሩ የተነቀለው ፀጉር የትም አይሄድም፤ በጉንጉኑ ተይዞ ይቆያል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በቀን እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤናማ ከሆነ፣ በ14 ቀን እስከ 1ሺህ 400 ይሆናል። ሹሩባው የተፈታ ዕለት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ እጅ ላይ ይመጣል። ጤናማ ሴት እንኳን ያን ዕለት እፍኝ ፀጉር ብታይ የሚገርም አይደለም። ሚኖክሲዲል በጀመረች በአንደኛ ወሯ ሹሩባዋን የፈታች ሴት ደግሞ ከዚያም በላይ ልታይ ትችላለች።

ሸነናዊቷ ወጣት ያመጣችው ፀጉርም አንዱ ክፍል ከዚህ የመጣ ነበር። ፌስታሉን መቁጠር ከጀመረችባቸው አሥር ቀናት በፊት ለሦስት ሳምንት ተሠርታው የቆየችውን ሹሩባ ፈትታ ነበር፤ ድንጋጤውም የጀመረው ያን ዕለት ነው። ከፌስታሉ ጥቂት ፀጉሮች አንሥቼ በብርሃን አየኋቸው። ጫፋቸው ላይ ትንሽ ነጭ እብጠት አላቸው። ሰዎች ይህን አይተው «ከነሥሩ ተነቀለ፤ ከእንግዲህ አይበቅልም» ይላሉ። ነጩ ነገር ግን ፀጉሩ ዕረፍቱን ጨርሶ በተፈጥሮ መውደቁን የሚያሳይ ጫፍ ነው፤ የሚያበቅለው ሥር ቆዳ ውስጥ ቀርቷል። ያን ስነግራት ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ።

ከዚያ ጋር የሚያያዘው የአቀባብ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ቆዳው ላይ ሲደርስ ነው፤ ፀጉሩ ላይ የፈሰሰው ጠብታ ለትራስ ይቀራል። ሹሩባ ለዚህ እንዲያውም ይመቻል፤ በክፍያዎቹ መካከል ያለው ቆዳ ተጋልጦ ስለሚታይ በጠብታ እየተከተሉ መቀባት ይቻላል። ችግሩ ያለው ሹሩባው ሲጠብቅ ነው። ግንባር ላይና ከጆሮ ፊት ለፊት ቆዳው እስኪወጠር፣ ማታ ለመተኛት እስኪያቅት የሚጎተት ሹሩባ ራሱ ፀጉር ያረግፋል። በአንድ እጅ መድኃኒት እየቀቡ በሌላው መንቀል ይሆናል። ሂዩማን ሄር የሚያስቀጥሉም ክብደቱን ያስቡበት።

ስለ ቅቤ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ቅቤ ለደረቀ ፀጉር ልስላሴ ይሰጣል፤ አዲስ ፀጉር ግን አያበቅልም። ቅቤ የተቀባ ቆዳ ላይ መድኃኒቱን ማድረግ ደግሞ በጭቃ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው። ቅቤ መተው የማይፈልግ ሰው ለመታጠብ ካሰበበት ቀን ዋዜማ ይቀባና በማግሥቱ ታጥቦ፣ ቆዳው ሲደርቅ መድኃኒቱን ይቀጥል። መድኃኒቱ ከተቀባ በኋላ ራስን ለመታጠብ ቢያንስ አራት ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ማታ የሚቀባ ሰውም ከመተኛቱ በፊት እንዲደርቅ ጊዜ ይስጠው፤ አለበለዚያ ከትራስ ወደ ፊት ይሄድና ጉንጭ ላይ ፀጉር ያወጣል።

ፀጉሩ እንዳይረግፍ ፈርቶ መታጠብም ማበጠርም የሚተው ሰው አለ። ይህ የሚጠቅመው ነገር የለም። ዛሬ በውኃው ያልወረደው ነገ ይወርዳል፤ ተጠራቅሞ ሲመጣ ደግሞ ያስደነግጣል። በሳምንት አንዴ በለስላሳ ሻምፑ ታጥቦ፣ ከጫፍ ጀምሮ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ማበጠር ይበቃል። በእነዚያ ሳምንታት ፀጉርን አጠር አድርጎ መቆረጥ፣ ላላ አድርጎ መያዝ ወይም ሻሽ ማሰር ቀኑን ያቀልላል። ካውያና ኬሚካል ግን ቢቆዩ ይሻላል።

ይህኛው መርገፍ ግን ሌላ ነው

አሁን ወደ ሁለተኛው ስህተት ልመለስ። ከጉደር የመጡ፣ አርባዎቹን የተሻገሩ እናት ነበሩ። አናታቸው ላይ ፀጉራቸው እየሳሳ ሲሄድ መድኃኒቱን ያለ ምርመራ ገዝተው ጀመሩ። ሲረግፍ ጠየቁ፤ «ይህ የታወቀ ነው፣ ይቀጥሉ» ተባሉ። ምክሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስህተት አልነበረም። እሳቸው ግን ዘጠኝ ወር ቀጠሉ። ሲመጡ አናታቸው ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ቆዳው ለስልሶ ያብረቀርቅ ነበር፤ የፀጉር ቀዳዳዎቹ አይታዩም። «ያቃጥልዎታል?» ስላቸው «ከድሮም ያቃጥለኛል፣ መድኃኒቱ ሲሠራ መስሎኝ» አሉኝ።

ይህ ከአናት መሐል ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሰፋ፣ ሥሩን በጠባሳ የሚተካ የፀጉር መርገፍ ነው፤ በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። ጠባሳ የሆነውን ቦታ ሚኖክሲዲል አይመልሰውም። ያልደረሰበትን ማትረፍ የሚቻለው ቁጣውን የሚያበርድ ሕክምና በጊዜ ሲጀመር ነው። ከቆዳው ናሙና ተወስዶ እንዲታይ ወደ አዲስ አበባ ጻፍኩላቸው። በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ቢሆንም፣ ለቆዳ ሕመሞች ሁሉ ከመላ አገሪቱ ሰው የሚሄድበት ነው። «የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ምን ልሠራ?» ብለው ቅር እንዳላቸው አልደብቅም፤ ይህን ፍርሃት ብዙ ሰው ላይ አያለሁ። ያለ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመድኃኒቱ መርገፍ መልኩ እንዲህ ነው፤ ቀስ ብሎ በስፋት ይሳሳል እንጂ ክብ ሆኖ አይላጭም፤ አያምም፤ አያቃጥልም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይቀንሳል። አራተኛው ወር ገብቶም የማይቀንስ፣ ክብ ክብ እየሆነ የሚላጭ፣ ቅንድብንም የሚነካ፣ መግል ወይም ቅርፊት ያለው፣ ቆዳውን የሚያሳምም ወይም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። መጠነኛ ማሳከክና ድርቀት ግን ከራሱ ከመድኃኒቱ ሊመጣ ይችላል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ማሟሚያ አንዳንድ ቆዳ አይስማማውም፤ ይህ የሌለበት የአረፋ ዓይነት ስላለ ለውጡ ቀላል ነው።

ከእነዚህ ሌላ መድኃኒትም የማያስፈልገው መርገፍ አለ። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ፈጣን ክብደት መቀነስ ካለፈ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ፀጉር በብዛት ይረግፋል። ሰውነት በጭንቁ ጊዜ ብዙ ፀጉሮችን በአንድ ላይ ወደ ዕረፍት ልኳቸው ነበርና፣ ዕረፍታቸውን ጨርሰው የሚወድቁት ያኔ ነው። እንደ ባኮ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ወባ፣ በሌላውም ቦታ ታይፎይድ የታመመ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ፀጉሩ ሲረግፍ ሕመሙን ረስቶታል፤ የሚያማርረው ሻምፑውን ነው። ከባኮ የመጣ አንድ ወጣት ከወባው ካገገመ በኋላ መርገፉ በጀመረበት ሳምንት ሚኖክሲዲል ገዝቶ ተቀባ። የወባው መርገፍና የመድኃኒቱ መርገፍ አንድ ላይ ወረዱበት። ብንተወው በራሱ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ይመለስ ነበር።

የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም እንዲሁ ፀጉር ያረግፋሉ። የወር አበባዋ የሚበዛባት፣ የሚደክማት፣ ልቧ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ሴት ከማንኛውም ቅባት በፊት ደሟን ትታይ። ይህ በየከተሞቻችን ጤና ተቋማት የሚሠራ ምርመራ ነው። የደም ማነስ እያለ ለቫይታሚን እንክብል ብዙ ብር የሚያወጣ ሰው ሳይ ግን አዝናለሁ። ተማሪ ልጆች ላይ የሚታየው ቅርፊት ያለው ክብ መላጣ በብዛት ፈንገስ ነው፤ የሚታከመው በሚዋጥ መድኃኒት እንጂ በፀጉር ማብቀያ አይደለም።

ከመጀመሩ በፊት

አንባቢ እንዲያስብበት የምፈልገው የመጀመሪያ ነገር አቅርቦት ነው። ይህ መድኃኒት እስከተጠቀሙበት ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ሲቆም ያተረፈው ፀጉር ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይሄዳል። በምትኖሩበት ከተማ መድኃኒት ቤት በመደበኛነት የማይገኝ፣ ከአምቦ ወይም ከአዲስ አበባ በሰው የሚያስመጡት ከሆነ፣ ቢያንስ የስድስት ወሩን መንገድ ሳያዘጋጁ አይጀምሩ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ መቀጠል የማይችል ሰው ባይጀምር ይሻለዋል። ፀጉር መሳሳት ሕይወት አያሳጣም፤ ያለ መድኃኒት ተቀብሎ መኖርም ሙሉ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ከየት እንደመጣ ነው። ዐረብ አገር ያለች እህት የላከችው፣ በስልክ ማስታወቂያ የተገዛ፣ መለያ ጽሑፉ የተላጠ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ያመጡልኛል። በአግባቡ የተመዘገበና በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 5 በመቶ ነው። 10 እና 15 በመቶ የሚል ሲያዩ «ይበልጥ ይሠራል» ብለው አይግዙ። መጠን መጨመርም ሆነ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መቀባት ፀጉሩን አያፈጥነውም፤ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ነው የሚያበዛው። ልብ ሲደልቅ፣ ደረት ሲያም፣ ራስ ሲያዞር ወይም እግርና ፊት ሲያብጥ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው መታየት ያስፈልጋል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረው። በቅርብ ጊዜ ዝቅተኛ መጠን ያለው ክኒን ለፀጉር መታዘዝ ጀምሯል፤ ይህ ከሐኪም ውጪ ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይጠቀሙም። አባትየውም ቢሆን ቀብቶ እጁን ሳይታጠብ ሕፃን አያቅፍ። ድመት ያለው ቤት ደግሞ ጠርሙሱንም የተቀባበትን ትራስም ያርቅ፤ ለድመት ገዳይ ነው።

ለወንዶች የሚታዘዘው ሌላው መድኃኒት ፊናስቴራይድ ነው። እሱም መጀመሪያ ለፕሮስቴት እብጠት የወጣ ሲሆን፣ በአነስተኛ መጠን ለወንዶች ፀጉር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዚህም ላይ አንዳንዶች በመጀመሪያዎቹ ወራት የመርገፍ ጭማሪ ያያሉ። የወሲብ ፍላጎት መቀነስ በጥቂቶች ላይ ስለሚያስከትል ይህን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የፕሮስቴት የደም ምርመራ ውጤትንም ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ የሚወስድ ሰው ለመርማሪው ይናገር። የተሰበረውን ወይም የተፈጨውን ክኒን ነፍሰ ጡር ሴት በእጇ እንኳ መንካት የለባትም፤ በማኅፀን ያለ ወንድ ልጅን ይጎዳል።

ሦስተኛው ነገር ፎቶ ነው። መድኃኒቱን በሚጀምሩበት ቀን መስኮት አጠገብ ቆመው የራስዎን መሐል ክፍያ ሰው በስልክ ያንሣልዎ። ከዚያ በየወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይደገም። ማበጠሪያውን በየቀኑ መመርመር ፍርሃት እንጂ መረጃ አይሰጥም።

ሸነናዊቷን ወጣት በኅዳር አጋማሽ ያገኘኋት ያን ፌስታል ይዛ ነበር። ፀጉሯን በጣቶቼ ይዤ፣ 50 እና 60 የሚሆነውን በአንድ ላይ ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ ሁለት ብቻ ወጡ። መርገፉ እያለቀ ነበር። በክፍያዋ ዳር ላይ ደግሞ በማጉያ መነጽር ሲታዩ አጫጭር፣ ጫፋቸው የሾለ አዳዲስ ፀጉሮች ብቅ ብለዋል። በስልኳ አንሥቼ አሳየኋት። ሳልነግራት መቅረቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ይህን ብሰማ ኖሮ እንቅልፍ አላጣም ነበር» አለችኝ። ከዚያ ሠርጉን ነገረችኝ።

ለጥር የሚደርስ ፀጉር እንደሌለ፣ የሚደርሰው መርገፉ ማቆሙ ብቻ እንደሆነ ሳልሸሽግ ነገርኳት። ለሠርጉ ላላ ያለ ሹሩባ እንድትሠራ፣ ግንባሯ ላይ እንዳይጎትቷት ተስማማን። ካገባች በኋላ ቶሎ ልጅ ይፈልጉ እንደሆነም ጠየቅኳት፤ በመስከረም መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ነው። አንድ ዓመት እንደሚቆዩ ተነጋግረው ነበርና የወሊድ መቆጣጠሪያዋን አስተካክለን መድኃኒቱን ቀጠለች። ስትወጣ ፌስታሉን ቋጥራ መልሳ ወሰደችው፤ ፀጉር የትም አይጣልም።

በሚያዝያ ስትመለስ ከመስከረሙ ፎቶ ጋር አስተያየነው። ክፍያዋ ጠብቧል፤ ጨርሶ ግን አልተዘጋም። እሷ ደስ ብሏታል። ከባሏ ጋር ሐሳባቸውን ለውጠው ልጅ ማስቀደም እንደሚፈልጉ የነገረችኝም ያን ዕለት ነው። መድኃኒቱን ለማቆም ተስማማን። በሚቀጥሉት ወራት ያተረፈችው ፀጉር ቀስ በቀስ እንደሚሳሳ፣ በእርግዝናው ጊዜ ሊሞላላት እንደሚችል፣ ከወለደች ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና በእፍኝ ሊረግፍ እንደሚችል ቁጭ ብዬ ነገርኳት፤ ቀኑንም በካርዷ ጀርባ ላይ ጻፍኩላት። ማጥባት ስታቆም እንደገና ለመጀመር ትፈልግ እንደሆነ ያኔ እንወስናለን ተባባልን።